ጉድጓዱ ተቆጠረ እንጂ ውሃው አልተቆጠረም

(ከዚህ በታች የምናቀርበው በገጠር የውሃ ሥራ ላይ ለረጅም ዓመታት የቆዩ አንድ ባለሙያ አዲስ አበባ ውስጥ ለተሰበሰቡ አድማጮች ያሰሙት ንግግር ነው፡፡ ተናጋሪው ስማቸው እንዳይጠቀስ ጠይቀዋል፡፡ የንግግሩን ለዛ ሳንነካ እንደወረደ አቅርበነዋል፡፡ የዝግጅት ክፍሉ)



ስለ ውሃ የሚናገር ሰው መድረክ ላይ ሲወጣ "ኢትዮጵያ የአፍሪካ የውሃ ማማ ናት" ብሎ መጀመር ልማድ ሆኗል፡፡ እኔ ዛሬ እሱን አልልም፡፡ ማማው ሥር ቆማ ጀሪካን ተሸክማ ግማሽ ቀን ለምትጓዝ ሴት ይህ አባባል ምኗም አይደለም፡፡ "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" ነው ነገሩ፡፡ ስለ ዓባይም አላወራም፤ እሱ የሚያወራለት አላጣም፡፡

የማወራላችሁ ስለተናቀው ውሃ ነው፡፡ ከትምህርት ቤት ጣሪያ ላይ ወርዶ ግድግዳውን እያበሰበሰ ስለሚጠፋው፤ በደረቅ ወንዝ ውስጥ ለሁለት ሰዓት ደንፍቶ ስለሚያልፈው ጎርፍ፤ ከአሸዋ ሥር ተደብቆ ስለሚቀረው፤ ከቦኖው ሥር ስለሚንዠቀዠቀውና ከልብስ ማጠቢያ ሳፋ ስለሚደፋው፡፡ በደረቁ ገጠራችን ሰውና ከብት የሚያልቀው ውሃ ጨርሶ ስለማይመጣ ብቻ አይደለም፡፡ የሚመጣው ውሃ በአንድ ጊዜ መጥቶ በአንድ ጊዜ ስለሚሄድም ነው፡፡

ለዚህ ምስክር ከፈለጋችሁ ድሬዳዋን አስታውሱ፡፡ ሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ የደቻቱ ወንዝ በአንድ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ገደለ፡፡ ደቻቱን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ በአብዛኛው የዓመቱ ክፍል ሰው የሚሄድበት አሸዋ ነው፡፡ ያ ሁሉ ጎርፍ የመጣው ከጀርባው ካሉት ተራሮች ነው፤ ከዚያው ተራራ ሥር ደግሞ በበጋ ውሃ ፍለጋ የሚንከራተት ገበሬ አለ፡፡ ሌሊት በውሃ የሚሞት፣ ቀን በውሃ ጥም የሚሞት አገር ከዚህ ሌላ ምን ይባላል?

አሁን ትንሽ ሒሳብ እንሥራ፤ አትፍሩ፣ የአራተኛ ክፍል ሒሳብ ነው፡፡ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ውሃ ነው፡፡ በዓመት 400 ሚሊ ሜትር ብቻ የሚዘንብበትን ቆላ ውሰዱ፤ ይህ ድርቅ አጠገቡ የማይጠፋ አገር ማለት ነው፡፡ እዚያ ያለ ትምህርት ቤት 200 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ ቢኖረው በዓመት 80 ሺህ ሊትር ይወርድበታል፡፡ ከአምስት አንዱ ባከነ እንበል፤ 64 ሺህ ሊትር ይቀራል፡፡ በጀሪካን ስትቆጥሩት 3,200 ጀሪካን ነው፡፡ ለ300 ተማሪዎች በቀን በነፍስ ወከፍ አንድ ሊትር ብትሰጡ ለ200 የትምህርት ቀን 60 ሺህ ሊትር ይበቃል፡፡ እንግዲህ ተርፏል ማለት ነው!

ታዲያ የጠፋው ምንድን ነው? አሸንዳና ማጠራቀሚያ፡፡ ጣሪያው አለ፣ ዝናቡም በአቅሙ ይመጣል፡፡ አሸንዳ ግን የለም፤ ካለም አንዱ ጫፍ ተነቅሎ ይወዛወዛል፡፡ ሮቶ ተሰጥቶት ሮቶው ከጣሪያው ጋር ሳይገናኝ ለብቻው ቆሞ ያየሁት ትምህርት ቤት አለ፡፡ ርእሰ መምህሩን "ምነው?" ስለው "ሮቶው የመጣው በአንድ ፕሮጀክት ነው፤ አሸንዳው የሚመጣው በሌላ ነው፤ እሱ ገና አልጸደቀም" አለኝ፡፡ ሮቶው ውስጥ ንብ ሰፍሮበት ነበር፡፡ ቢያንስ ማር ተገኘ በሉ፡፡

"የአርብቶ አደሩ ጎጆ ቆርቆሮ የለውም" ትሉኝ ይሆናል፡፡ ልክ ናችሁ፡፡ ግን ትምህርት ቤቱ፣ ጤና ኬላው፣ የቀበሌው ጽሕፈት ቤት፣ ቤተ ክርስቲያኑና መስጊዱ አላቸው፡፡ ሕዝብ የሚሰበሰብበት ሁሉ ቆርቆሮ አለው፡፡ ማጠራቀሚያው ገንዘብ እንደሚጠይቅ አልክድም፤ በሁለት የዝናብ ወቅት በሚሞላበት አገር ግን የዓመቱን ውሃ ሁሉ በአንዴ የሚይዝ መሆን የለበትም፡፡ የመጀመሪያው ዝናብ ደግሞ አቧራና የወፍ ኩስ አጥቦ ስለሚወርድ ይደፋል እንጂ አይጠጣም፡፡ ይህንን አንድ ጥበቃ በግማሽ ቀን ይማረዋል፡፡

ይህ ሁሉ ከውጭ የመጣ ጥበብ መስሎ እንዳይታያችሁ፡፡ ደብረ ዳሞን የወጣ ሰው አይቶታል፡፡ ገደል ላይ በገመድ የሚወጣበት ገዳም፣ መነኮሳቱ ከአለት በተፈለፈሉ ጉድጓዶች ዝናብ አቁረው ኖረውበታል፡፡ ኮንሶ ደግሞ ተራራውን በድንጋይ እርከን ሸንሽኖ፣ "ሃርዳ" የሚባሉ የጋራ ውሃ ማቆሪያዎችን ሠርቶ፣ በ2011 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ብሎ መዘገበለት፡፡ ራያም ከምሥራቁ ተራራ ሳይሆን ከምዕራቡ ደጋ የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ ወደ ማሳው ማስገባት ያውቃል፤ ደለሉ ራሱ ማዳበሪያ ነው፡፡

ቦረና ላይ ግን ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ዋናው ትምህርት እዚያ ነው ያለው፡፡

ቦረና "ኤላ" የሚባሉ ጥልቅ ጉድጓዶች አሉት፡፡ ዘጠኙ ቱላዎች የተባሉት የታወቁ ናቸው፡፡ አንዳንዱ እስከ 30 ሜትር ይጠልቃል፤ ወጣቶች በሰንሰለት ተደርድረው፣ እየዘፈኑ፣ ባልዲውን ከእጅ ወደ እጅ እያቀበሉ ውሃውን ገንዳው ውስጥ ይጨምራሉ፡፡ ቱሪስት የሚያየው ዘፈኑን ነው፡፡ ቱሪስት የማያየው ከላይ ቆሞ የሚቆጣጠረውን "አባ ሄሬጋ" ነው፡፡ የማን ከብት መጀመሪያ ይጠጣል? በስንት ቀን አንዴ? እንግዳ ቢመጣ በየትኛው ተራ ይገባል? ገንዳው ቢሰነጠቅ ማን ጭቃ ያቀርባል? ይህን ሁሉ የሚያስፈጽመው እሱ ነው፡፡ ጽሕፈት ቤት የለውም፣ ማኅተም የለውም፣ ግን ቃሉ ይሰማል፡፡

ከሁሉ የሚገርመው ሌላው ነገር ነው፡፡ ዝናብ ሲመጣ ቦረና ከብቱን ከኤላው ያርቅና ወደ ኩሬው፣ ወደ ሜዳ ላይ ውሃ ይወስደዋል፡፡ ለምን? ኤላውም በዙሪያው ያለው ሣርም እንዲያርፍ! ያልፋል የሚሉትን ውሃ አስቀድመው ይጠጣሉ፤ የማያልፈውን ለክፉ ቀን ያቆዩታል፡፡ እኛ መሐንዲሶቹ "አማራጭ የውሃ ምንጭ" እያልን ስንት ወረቀት ያጠፋንበትን ነገር እነሱ ያለወረቀት ኖረውበታል፡፡ የጣሪያ ውሃ፣ የጎርፍ ውሃ፣ የእጣቢ ውሃ ጥቅሙ ዋናውን ጉድጓድ መተካት አይደለም፤ ማሳረፍ ነው፡፡ ይህቺን ነጥብ ያዙልኝ፡፡

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ሲከሽፍ ግን ቦረናም ከብቱ አለቀ፡፡ በመንገድ ዳር የተቆለለውን ሬሳ በፎቶግራፍ ያላየ የለም፡፡ "የባህሉ ጥበብ የት ሄደ?" የሚል አለ፡፡ ጥበቡ የቆመው ግጦሹ ክፍት ሆኖ ከብት እንደልቡ በሚንቀሳቀስበት መሬት ላይ ነበር፡፡ ግጦሹ ታጥሮ፣ ተቆርሶ፣ በቁጥቋጦ ተወርሮ፣ ወሰን በወሰን ሆኖ ጥበቡ ብቻውን ምን ያድርግ? አምስት ወቅት ዝናብ የጠፋበትን ድርቅ የትኛውም ኩሬ ብቻውን አይችለውም፡፡ ግን ከሁለተኛው ወቅት በፊት ከብቱን በጊዜ ለመሸጥ፣ ሰውን በቦታው ለማቆየት ፋታ ይሰጣል፡፡ በዚያን ጊዜ የጠፋው ይኸው ፋታ ነው፡፡

አሁን ወደሚያሳዝነው ምዕራፍ ልለፍ፡፡

በ1995 ዓ.ም. ድርቅ ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ እርዳታ ጠባቂ ሆነ፡፡ ይህን ተከትሎ "ውሃ ማቆር" የሚባል ዘመቻ መጣ፡፡ አሳቡ መጥፎ አልነበረም፤ እንዲያውም ዛሬ የምሰብከው አሳብ ነው፡፡ እያንዳንዱ ገበሬ በጓሮው ጉድጓድ ይቆፍር፣ ላስቲክ ያንጥፍ ወይም በሲሚንቶ ይለስን፣ የክረምቱን ጎርፍ ያቁር፣ በበጋ አትክልት ያጠጣበት ተባለ፡፡ ከዚያ ምን ሆነ? አሳቡ ኮታ ሆነ፡፡ ክልል ለዞን፣ ዞን ለወረዳ፣ ወረዳ ለቀበሌ ቁጥር ላከ፡፡ "ይህን ያህል ጉድጓድ እስከዚህ ቀን!" አፈሩ ምንድን ነው ብሎ የጠየቀ አልነበረም፡፡ ጎርፉ ከየት ወደ የት ይሄዳል ያለም ጥቂት ነበር፡፡ ላስቲኩ ሳይደርስ ጉድጓዱ ተቆፈረ፤ ላስቲኩ ሲደርስ ጉድጓዱ ተንዷል፡፡ ውሃ የማይገባበት ጉብታ ላይ የተቆፈረ ጉድጓድ አለ፡፡ የገባው ውሃ በሳምንት ሰርጎ የጠፋበትም አለ፡፡ አጥር ስላልነበረው ሕፃንና ጥጃ የገባበትም አለ፡፡ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ የኛዋ ግን አፍሳ ሪፖርት ጻፈች፡፡

ሪፖርቱ ውስጥ የተቆጠረው ምን ነበር? ጉድጓድ! ግንቦት ላይ በየጉድጓዱ ስንት ሊትር ውሃ እንደቀረ የቆጠረ ካድሬ እስካሁን አልገጠመኝም፡፡ ነገሩ የቁጥር በሽታ ስለሆነ አዲስም አልነበረም፡፡ ከዚያ በፊት በ1987 ዓ.ም. ገደማ ትግራይ ውስጥ በአሥር ዓመት 500 ግድብ ይሠራል ተብሎ ነበር፡፡ አንድ አምስተኛው እንኳ አልተሠራም፤ ከተሠሩትም ያፈሰሱና በደለል የተሞሉ ብዙ ናቸው፡፡

ሐቁን ለመናገር ከጉድጓዱ ያተረፉ ገበሬዎችም ነበሩ፡፡ ጭቃ አፈር የደረሳቸው፣ ጉድጓዱ ደጃፋቸው ላይ የሆነላቸው፣ ሽንኩርትና ቃሪያ ተክለው ገበያ የሚወጡ፡፡ እነዚህን ያየ ሰው ቴክኖሎጂው ውሸት ነው አይልም፡፡ ውሸቱ አንድ ልክ ለሁሉም እግር ይሆናል ማለቱ ላይ ነው፡፡

ስለ ፀሐይም ማንም አላሰበም፡፡ በሞቃት ቆላ ከገጽታው ክፍት ከሆነ ውሃ በቀን 6 ሚሊ ሜትር ያህል ይተናል፡፡ በወር 18 ሳንቲ ሜትር ነው፤ በአምስት የበጋ ወር 90 ሳንቲ ሜትር፡፡ ሦስት ሜትር የተቆፈረ ጉድጓድ ማንም ሳይጠጣበት፣ ምንም ሳያፈስ፣ አንድ ሦስተኛ ያህል ጥልቀቱን ለፀሐይ ይገብራል ማለት ነው! ክዳን፣ የሣር ዳስ፣ ቢያንስ ጥላ የሚሰጥ ነገር ከጉድጓዱ ጋር አብሮ መታቀድ ነበረበት፡፡

ወባውስ? ይህቺ ደግሞ ለብቻዋ ትነገር፡፡ ኋላ የጤና ጥበቃ ሚኒስትር፣ ከዚያም የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር የሆኑት ዶክተር ቴድሮስ አድኃኖም ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1999 እ.ኤ.አ. አንድ ጥናት በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ላይ አሳትመው ነበር፡፡ ትግራይ ውስጥ በትናንሽ ግድቦች አጠገብ የሚኖሩ ሕፃናት ራቅ ብለው ከሚኖሩት በሰባት እጥፍ ገደማ በወባ እንደሚያዙ ነው የሚያሳየው፡፡ እንግዲህ አስቡት፤ ጥናቱ የአገር ልጅ የሠራው ነው፣ የተሠራውም እዚሁ ነው፣ የታተመውም ዘመቻው ከመጀመሩ በፊት ነው፡፡ ከዚያ በየጓሮው የወባ ትንኝ መራቢያ ተቆፈረ፡፡ ጥናቱን ያነበበ ሰው ኮታ አውጪው ቢሮ ውስጥ አልነበረም? ወይስ ነበረና ዝም አለ? መልሱን ለእናንተ ልተወው፡፡ እኔ ግን ሰዎቹ መጽሔት ያጡ አይመስለኝም፤ ያጡት "ቆይ" የሚል አፍ ነው፡፡

ወደ ሶማሌ ክልል እንሂድ፡፡ እዚያ "ብርካ" አለ፡፡ መሬት ውስጥ ተቆፍሮ በሲሚንቶ የተለሰነ ማጠራቀሚያ ነው፤ በሐውድ ሜዳ ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተስፋፋ ነው፡፡ አብዛኛው የግል ነው፤ በዝናብ ይሞላል፣ በበጋ ውሃው ይሸጣል፡፡ ሀብታሙ ብርካ ይሠራል፣ ድሃው በጀሪካን ይገዛል፡፡ ይህን አይቶ "ግፍ ነው" የሚል አለ፤ አልፈርድም፡፡ ነገር ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ባለቤት ያለው ብርካ ሲሰነጠቅ ይጠገናል፡፡ በእርዳታ ድርጅት የተሠራውና "የማኅበረሰቡ" የተባለው ግን ተሰንጥቆ ዓመት ይቆማል፤ የማኅበረሰቡ የተባለው የማንም ሳይሆን ይቀራልና፡፡ ኤላው የጋራ ሆኖ ይጠበቃል፤ አባ ሄሬጋ አለው፡፡ ብርካውም የግል ሆኖ ይጠበቃል፤ ጌታ አለው፡፡ ጌታም አባትም የሌለው የእኛ የዘመቻ ጉድጓድ ነው፡፡

ደግሞ ብርካው ሲደርቅ ቦቴ ይመጣል፡፡ ቦቴ ሰው ያድናል፤ አልነቅፈውም፡፡ ነገር ግን በቦቴ የሚመጣው ውሃ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ናፍጣ እያቃጠለ ነው የሚደርሰው፡፡ በየድርቁ ለቦቴ የሚወጣው ብር ከድርቁ በፊት ለብርካ ጥገናና ለክዳን ቢውል ምን ያህል ይሠራ እንደነበር የሚያሰላ ሰው ያስፈልጋል፡፡ አይሰላም፤ ለጥገና ሪባን አይቆረጥማ!

ስለ አሸዋ ግድብ በአጭሩ ልንገራችሁ፡፡ በደረቅ ወንዝ ላይ፣ አለት ላይ የተመሠረተ ዝቅተኛ የድንጋይ ግድብ ይሠራል፡፡ ጎርፉ አሸዋ ይዞ ይመጣና ከግድቡ ጀርባ ይከምረዋል፡፡ ግድቡ በአሸዋ ተሞላ፣ ከሸፈ ትላላችሁ፤ አልከሸፈም፤ የተፈለገው እሱ ነው! ከአሸዋው መጠን ሩብ ያህሉ ውሃ ነው፤ ፀሐይ አታገኘውም፣ ትንኝ አይራባበትም፣ አሸዋውም ያጣራዋል፡፡ ኬንያ ውስጥ ኪቱይና ማቻኮስ በዚህ የታወቁ ናቸው፤ በቦረናና በሶማሌም ተሞክሯል፡፡ ማንኛውም የቆላ እረኛ አሸዋ ጭሮ ውሃ ማውጣት ያውቃል፤ ግድቡ እረኛው የሚያውቀውን ነው የሚያበዛለት፡፡ ወንዙ አሸዋ ሳይሆን ጭቃ የሚያመጣ ከሆነ ግን አይሆንም፡፡ ይህንንም መጀመሪያ እረኛውን ጠይቁት፡፡

ስለ እጣቢ ስናገር አንዳንዱ ፊቱን ያኮሳትራል፡፡ ቦኖው ሥር የሚፈሰው ውሃ ረግረግ ከሚሆን በቦይ ወደ ከብት ገንዳ ወይም ወደ ችግኝ ቢመራ ምን ይጎድላል? የፊትና የእጅ እጣቢ፣ ሳሙና ያልበዛበት የልብስ እጣቢ፣ ለፓፓያ ወይም ለጌሾ ግንድ ይሆናል፡፡ ጥሬ ለሚበላ ቅጠል ግን አይደለም፡፡ እዚህ ላይ ለእኛ ለከተሜዎቹ ጭምር ነው የምናገረው፤ የአቃቂ ወንዝን የፋብሪካና የሽንት ቤት ፍሳሽ ይዞ እያየነው በሱ የበቀለውን ሰላጣ እንበላለን፡፡ ውሃ ደግሞ መጠቀም ማለት የመጣውን ሁሉ ማሳ ላይ መልቀቅ አይደለም፡፡ የትኛው እጣቢ ለየትኛው ተክል የሚለው ካልተለየ ከጥም አድነን በመርዝ እንገድላለን፡፡

"ይህ ሁሉ ጣጣ ምን ያደርጋል፣ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሮ በፓምፕ መሳብ ነው" የሚለኝ የሥራ ባልደረባ አለኝ፡፡ ጥልቅ ጉድጓድ ያስፈልጋል፤ እኔም ብዙ አስቆፍሬያለሁ፡፡ ግን ፓምፑ ሲሰበር መለዋወጫው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ያ መንደር ምን ይጠጣ? ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ደግሞ ከምድር የሚወጣው ውሃ ፍሎራይድ የበዛበት ነው፡፡ የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ይላል፤ በብዙ ቦታ ከዚያ እጅግ ይበልጣል፡፡ የወንጂ ልጆችን ጥርስ ያየ፣ አጥንቱ የጎበጠ ሽማግሌ ያየ ምን ማለቴ እንደሆነ ያውቃል፡፡ እዚያ አገር ንጹሕ መጠጥ ከሰማይ ነው የሚመጣው፤ የጣሪያው ውሃ ለመጠጥ፣ የጉድጓዱ ለእጥበት ቢከፈል ብዙ ልጅ ይተርፋል፡፡

እናንተ የከተማ ሰዎች ናችሁ፤ "ከኛ ምን ትፈልጋለህ?" ትሉ ይሆናል፡፡ ከእናንተ መካከል ገጠር ትምህርት ቤት ለማሠራት መዋጮ የማያዋጣ የለም፤ የትውልድ አካባቢ ማኅበር የሌለው የለም፡፡ ቴሌቪዥንም ታያላችሁ፤ "ይህን ያህል ሺህ ኩሬ ተቆፈረ" የሚል ዜና ሲመጣ በቁጥሩ አትደንግጡ፡፡ ውሃው በስንተኛው ወር አለቀ? ሲሰበር የሚጠግነው ማን ነው፣ ስሙ ማን ይባላል? ቦታውን የመረጠው ማን ነው፣ ውሃ ቀጂዋ ሴት ተጠይቃለች? በላዩ ክዳን አለው? እነዚህን ጠይቁ፡፡ ለማኅበራችሁም፣ ለወረዳው ሹምም፣ ለእርዳታ ድርጅቱም፡፡ አዲስ ክፍል ልታሠሩ ገንዘብ ስታዋጡ ደግሞ የቆርቆሮውን ዋጋ ብቻ የያዘ ዝርዝር ቢመጣላችሁ አትፈርሙ፤ አሸንዳውና ማጠራቀሚያው እዚያው ዝርዝር ውስጥ ይግባ፡፡ ከህንጻው ጋር ካልተሠራ ኋላ አይሠራም፤ ሌላ ፕሮጀክት እስኪጸድቅ ንብ ነው የሚሰፍርበት፡፡

ጥያቄ ያለው ካለ ጊዜ አለን፡፡